ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ ብርድ ልብስን በስፌት መኪና ስለ መጨረስ

ጥያቄ (ከደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከልብስ ሰፊዎች የሰበሰብኳቸውን ቀጫጭን ቁርጥራጮች በቀይ አራት ማዕዘን ዙሪያ እየደረደርኩ፣ አንዱን ወገን ፈካ ያለ፣ ሌላውን ጠቆር ያለ አድርጌ የብርድ ልብሱን የላይኛውን ገጽ ጨርሻለሁ። ለደሴ ብርድ እንዲሆን ከመሃሉ ምን ላስገባበት? ሦስቱን ድርብ ሳይሸበሸብ በተራ የስፌት መኪና ማያያዝስ እንዴት ይቻላል?

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦
እህቴ፣ ያገለገለ ጋቢ ካለዎት ከእርሱ የተሻለ አልመክርዎትም፤ ብዙ ጊዜ ስለታጠበ ከእንግዲህ እምብዛም አያጥርም። የጋቢው አራቱም ድርብ ግን ለመኪናው ስለሚከብድ ተፈትቶ ሁለቱ ብቻ ቢገባ ይበቃል። ገበሩን በየጎኑ 10 ሴንቲሜትር ያህል አስበልጠው ይቁረጡ፤ ወለል ላይ ወጥረው ካነጠፉት በኋላ ሦስቱን ደርበው ከመሃል ወደ ዳር በመርፌ ቁልፍ አቀራርበው ያያይዙ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ መሸብሸቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ጨርቁ በደንብ ሳይወጠር ከቀረ ነው።

መልስ (ከወልድያ)፦
በተባለው ላይ ለመጨመር ያህል፣ 90 ቁጥር መርፌ ይጠቀሙ፤ የስፌቱን እርምጃ ወደ 3 ሚሊሜትር ያስረዝሙ፤ ጨርቁን የሚጫነውን እግርም ትንሽ ያላሉት። ቁራጮቹ የተገጣጠሙበትን መስመር ተከትለው ከመሃል ቢጀምሩና የቀረውን ጠቅልለው በመኪናው ክንድ ሥር ቢያሳልፉት ስፌቱ ከላይ አይታይም፤ የደከሙበት የቀለም አሰዳደርም ሳይረበሽ ይቀራል።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጠርዙንስ በምን ልዝጋው?

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦
6 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸውን ቁራጮች ቀጥለው ለሁለት አጥፈው ይተኩሷቸው። ከፊት በኩል በመኪና ሰፍተው ወደ ኋላ ከገለበጡ በኋላ በእጅ ቢቀመቅሙት ይመረጣል፤ በመኪና ከተሰፋው ይልቅ ጥራቱ ያስደስታል።