ጥቆማ፦ በድሮ ፎንት የተተየበ ልብ ወለድ ስክሪቭነር ውስጥ ለማስገባት

ባለረቂቁ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጽፌ የጨረስኩት ልብ ወለድ አለኝ። ግማሹ ድሮ በቪዥዋል ግዕዝ የተተየበ፣ ግማሹ በስልክ ኪቦርድ የተጻፈ፣ ሁሉም አንድ የዎርድ ፋይል ውስጥ። ምዕራፍ ማቀያየር ስላስመረረኝ ለደራሲ ወደተሠሩት የመጻፊያ ፕሮግራሞች፣ ወደ ስክሪቭነር ወይም ዋይራይተር ላስገባው አሰብኩ። ስሞክረው የስልኩ ደህና ገባ፤ የድሮው ግን የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆነ። የቱ ፕሮግራም ይሻላል? አጽድቶ የሚያዘጋጅልኝስ አዲስ አበባ ውስጥ ታውቃላችሁ?

የአራት ኪሎው፦ አራት ኪሎ ደረጃው ላይ ያለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሂድ። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራችልኝ እዚያ ያለችው ልጅ ናት። ሌላ ቦታ አትድከም።

ቀለሟ፦ የጽሕፈት ቤት ነገር አታንሱብኝ! የአባቴን ማስታወሻ «እንቀይረዋለን» ብለው ተቀብለው ሲመልሱልኝ «ሏ» የለ፣ «ቷ» የለ፣ «ኳ» የለ። «በልቷል» የሚለው «በ» እና «ል»፣ ከዚያ ባዶ ሳጥን፣ ከዚያ «ል»። አራት ነጥቡ በሙሉ ሁለት ኮለን ሆኗል። ስጠይቃቸው «ፎንቱ ነው» አሉኝ። ሒሳቡን ግን አንድ ብር ሳያጎድሉ ነው የተቀበሉት።

ሾላ፦ ውይ! የት ነው? ስሙን ንገሪን እንጂ።

ቀለሟ፦ ስም አልጠራም፣ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

የአራት ኪሎው፦ አራት ኪሎ ብትሄጂ ይህ አይደርስብሽም ነበር።

ወረቀት፦ ማተሚያ ቤት ከሆነ የምትፈልገው በውስጥ አናግረኝ። የወረቀት ዋጋ ሰማይ ስለነካ ትንሽ ኮፒ አያዋጣህም።

ባለረቂቁ፦ ማሳተሙ ገና ነው ወንድሜ፣ ፋይሉን ላስተካክል ነው።

ነገረኛው፦ እነዚያ ብራና ፍቀው የጻፉት አባቶች ምን ፕሮግራም ነበራቸው? ሶፍትዌር የሚያማርጥ ደራሲ ገና ዘንድሮ አየሁ።

ዲሲ ነኝ፦ የተጠየቀውን የመለሰ የለም እኮ። ባለረቂቁ፣ ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም። የድሮው ፎንት የአማርኛውን ቅርጽ የሚያስቀምጠው በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ነው፤ ፎንቱ ሲነሳ ከሥር ያለው ይወጣል። ስልክህ የሚጽፈው ደግሞ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ነው፤ ፊደላችን እዚያ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የድሮውን ክፍል ወደ ዩኒኮድ አስቀይር። ግን መጽሐፉን ሙሉ ለማንም አትስጥ። ዲቃላ ፊደላት (እንደ «ሏ»፣ «ቷ» ያሉት) የበዙበትን አንድ ገጽ አስቀይርና ከታተመው ወረቀት ጋር አስተያየው። የድሮ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነው ያለው፣ ፊደላችን ከነዲቃላው ከዚያ ይበልጣል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ፊደል ሌላ ፎንት ውስጥ ይቀመጣል ወይም ከቁራጭ ይገጣጠማል። ቀለሟን ያቃጠላት ይኸው ይመስለኛል።

ከዚያ ዎርድ ላይ «ምዕራፍ» የሚለውን መስመር ሁሉ ሄዲንግ 1 (የዎርድ የርዕስ ስታይል) አድርገው። ማድመቅና ማተለቅ ብቻውን አይበቃም፣ ፕሮግራሙ ምዕራፍ መሆኑን አያውቅም። ስክሪቭነር «ኢምፖርት ኤንድ ስፕሊት» የሚል አለው፤ ወይ በሄዲንጉ ወይ እንደ # ባለ ምልክት ይቆርጥልሃል፣ አንዱን ነው የምትመርጠው። ትዕይንት በትዕይንት እንዲቆረጥ ከፈለግህ በየትዕይንቱ መሐል፣ ከየምዕራፉም በፊት # ለብቻው መስመር ላይ አስገባ። ዋናውን ፋይል አትንካ፣ ቅጂው ላይ ሥራ። ስክሪቭነር የ30 ቀን ነጻ ሙከራ አለው፣ የሚቆጥረውም የከፈትክበትን ቀን ብቻ ነው። ዋይራይተር ነጻ ነው፤ የሠራው ሲሞን ሄይንስ ራሱ ደራሲ ነው። እኔ ስክሪቭነር እላለሁ፣ ግን ስትገዛው የባንክ ካርድ ይጠይቅሃል።

ነገረኛው፦ ይህን ሁሉ ከምሠራ ሁለተኛ ልብ ወለድ ብጽፍ ይቀለኛል።

ዲሲ ነኝ፦ የመጀመሪያውን ስትጽፍ ንገረን።

የአራት ኪሎው፦ ልጅቷ ይህንን ቡና ሳይፈላ ትጨርሰዋለች።

ቀለሟ፦ «ቷ»ን ታውቃታለች?

የአራት ኪሎው፦ ሄደሽ ጠይቂያት!

ባለረቂቁ፦ ዲሲ ያለኸው፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንዱን ገጽ ማታ አስተያየዋለሁ። ቀለሟ፣ የአባትሽ ማስታወሻ እንዴት ሆነ?

ቀለሟ፦ እህቴ እየለቀመች እያረመችው ነው። አባባ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጦ አዲስ ታሪክ ይጨምርባታል።

ሾላ፦ የአራት ኪሎዋ ልጅ የሰርግ ካርድም ትሠራለች?