የደም ግፊት ላለባት እናቴ የከርከዴና የጦስኝ ሻይ ይበቃታል ወይ?

ጠያቂ፦ የእናቷ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የደም ግፊት እንዳለባት ከታወቀ አራት ዓመት አልፏል፤ ሐኪም ያዘዘላትን አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉ ሁለት ክኒኖችም በየጠዋቱ ስትወስድ ቆይታለች። ካለፈው ጥር ወር ጀምሮ ግን አንዲት ጎረቤታችን የደረቀ ከርከዴና ጦስኝ አምጥታ ስለሰጠቻት፣ ሁለቱን አንድ ላይ አፍልታ ሁልጊዜ ከእራት በኋላ ሁለት ሲኒ ትጠጣለች። ማታ ማታ ታበዛው የነበረውን ቡና ስለተወች መጀመሪያ ላይ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን መሳቢያዋን ሳስተካክል የመድኃኒቶቿ ማሸጊያ ሳይነካ ተቀምጦ አገኘሁት። ስጠይቃት «ቅጠሉ ይበቃኛል፣ ልጄ፤ እሱም እግዚአብሔር ያበቀለው መድኃኒት ነው» አለችኝ። በማግስቱ ይዣት ሄጄ ግፊቷን ሳስለካ 158 በ94 ሆነ።

ልጠይቃችሁ የፈለግኩት እነዚህ ዕፅዋት በእርግጥ ግፊት ያወርዳሉ ወይ፣ የሚያወርዱ ከሆነስ ከክኒኑ ጋር አብሮ መውሰድ ጉዳት ይኖረዋል ወይ የሚለውን ነው። ሌላው ደግሞ የአራት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች እህቴ ከዚያው በራድ እየቀዳች ትጠጣለች፤ አንዳንድ ቀን ጤና አዳምም ይጨመርበታል። ይህም ያሳስበኛል። የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ታላቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ ፋርማሲስት ከጤና ጣቢያ

እህቴ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ፋርማሲ ውስጥ ለ11 ዓመታት ሠርቻለሁ። ያነሱት ጉዳይ በየሳምንቱ የሚያጋጥመኝ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ብመልስ ይሻላል።

ከርከዴ ግፊት ያወርዳል መባሉ ባዶ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 70 የሆኑ፣ ግፊታቸው በመጠኑ ከፍ ያለና የግፊት መድኃኒት የማይወስዱ 65 ሰዎችን ያካተተ ነበር። ከፊሎቹ 240 ሚሊ ሊትር የከርከዴ ሻይ በቀን ሦስት ጊዜ ለስድስት ሳምንታት ሲጠጡ፣ ሌሎቹ ጣዕሙ የሚመስል ነገር ግን ከርከዴ የሌለበት መጠጥ ይሰጣቸው ነበር። በመጨረሻ ሲለኩ የከርከዴ ጠጪዎቹ የላይኛው ግፊት በአማካይ በ7.2 ሲወርድ፣ የሌሎቹ የወረደው በ1.3 ብቻ ነው። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ ግፊቱ ገና ከፍ ማለት ለጀመረ ሰው በጣም የሚጠቅም ነው።

ነገር ግን ቁጥሩን ወደ እናትዎ ያምጡት። 158 የተለካው ከርከዴውን ሳይጠጡ ቀርተው አይደለም፤ ለሳምንታት እየጠጡት ነው። ቅጠሉ የሚችለውን አድርጎ ያደረሳቸው እዚያ ነው ማለት ነው። የላይኛው ግፊት 140 ከደረሰ ወይም ካለፈ ሕክምና የሚያስፈልገው ከፍተኛ ግፊት ይባላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ግፊት በአብዛኛው አያምም፤ ራስን ሳያዞር፣ ጆሮን ሳይጮህ፣ ለዓመታት ልብንና ኩላሊትን ሲጎዳ ቆይቶ አንድ ቀን ስትሮክ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ «ደህና ነኝ» ማለታቸው ግፊታቸው ደህና መሆኑን አያሳይም።

በጦስኝ ላይ በሀገራችን የተደረጉት ጥናቶች በብዛት በቤተ ሙከራና በአይጦች ላይ የተካሄዱ ናቸው። ተስፋ ሰጪ ናቸው፤ ሆኖም ለአይጥ የተሰጠው ጭማቂ መጠን በሲኒ ከሚጠጣው ሻይ ጋር ስለማይመጣጠን፣ ከዚያ ተነሥቶ ክኒን ማስተው አይቻልም።

ሁለቱን አብሮ ስለመውሰድ፦ በቀን አንድ ወይም ሁለት ሲኒ ከርከዴ ለብዙ ሰው ችግር አያመጣም። ይሁን እንጂ ከርከዴም ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ሽንት ያበዛሉ፤ ሁለቱም ግፊት ያወርዳሉ። ስለዚህ ክኒኑን እንደገና ሲጀምሩ ከመቀመጫ ሲነሡ የሚያዞራቸው ከሆነ ለሐኪማቸው ሊነገር ይገባል። ክኒኑን ግን በውሃ እንጂ በሻዩ እንዳይውጡት። ስለ ስኳሩም ይጠይቋቸው፤ ከርከዴ ስለሚጎመዝዝ በአንድ ሲኒ ሦስትና አራት ማንኪያ የሚጨምሩ ብዙ ናቸው፤ እንዲህ ከሆነ ለጤና ብለው የጀመሩት ነገር ሌላ ጣጣ ያመጣባቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጥያቄዎ ትንሽ ወጣ ቢልም ለግፊት ሕመምተኛ እጅግ አስፈላጊ ነው። በፓኬት ታሽጎ የሚሸጥ «የዕፅዋት ሻይ» ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር ያለበት ሻይ ሲዘወተር ራሱ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየምም ይቀንሳል። ማቅጠኛ እየተባሉ በሚሸጡት ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰናመኪ አለ። ሰናመኪ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው፤ የሚቀንሰው የሰውነትን ውሃ እንጂ ስብን አይደለም፤ ፖታሲየምንም አብሮ ያወጣል። እናትዎ የታዘዘላቸው ሽንት የሚያበዛ ክኒንም ፖታሲየም ስለሚቀንስ፣ ሁለቱ ሲደራረቡ የልብ ምት እስከማዛባት ሊደርሱ ይችላሉ። ስለዚህ በፓኬት የተገዛ ነገር ቤት ውስጥ ካለ ከጀርባው የተጻፈውን ዝርዝር ያንብቡ።

በመጨረሻ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። እናትዎ ክኒኑን ለምን እንደተዉ በደንብ ጠይቀዋቸዋል? በሥራ ዘመኔ እንዳየሁት፣ ቅጠሉ ስለተሻላቸው ብቻ ክኒን የተዉ ሰዎች ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ ከክኒኑ ጋር ያልተነገረ ቅሬታ ነበራቸው።

መልስ፦ መንዜዋ

የተወለድኩትና ያደግኩት መንዝ ውስጥ ስለሆነ ስለ ጦስኝ ጥቂት ልበል። ጦስኝ ታይመስ ሺምፔሪ የሚል የሳይንስ ስም ያለው፣ ከእኛ ሀገር ደጋ ሌላ የትም በዱር የማይበቅል፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ ተክል ነው፤ ከሰሜን ሸዋ ደጋዎች አንሥቶ እስከ ባሌ ተራሮች ድረስ ይገኛል። ያ ጠንካራ ሽታው በውስጡ ካሉት ታይሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉ ዘይቶች የሚመጣ ነው። ታይሞል ጀርም የመግደል ኃይል ስላለው በአፍ መጉመጥመጫ ፈሳሾች ውስጥ ይገባል። እናቶቻችንም ጦስኝን የሚያፈሉት ለጉንፋን፣ ለሳልና ለሆድ መነፋት ነበር፤ ልምዳቸው ከዚህ ጋር ይስማማል።

አፈላሉ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ክዳኑ ተከፍቶ ለረዥም ጊዜ ሲንተከተክ ቤቱ ደስ በሚል ሽታ ይሞላል፤ የሸተተው ግን በሲኒው ውስጥ ሊቀር ይገባው የነበረው ዘይት ነው። ውሃውን ለብቻው አፍልታችሁ ካወጣችሁ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል ጨምራችሁ፣ ከድናችሁ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ብታቆዩት ይበቃል። ስትገዙም ቅጠሉ በቀጭን ግንዱ ላይ እንዳለ፣ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ በጥላ የደረቀውን ምረጡ፤ የተፈጨው ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ከነሥሩ ተነቅሎ የመጣ ከሆነም እባካችሁ አትግዙ። ከላይ ከታጨደ በሚቀጥለው ዓመት ያቆጠቁጣል፤ ከተነቀለ ግን ቦታው ባዶ ይቀራል። በልጅነቴ እየረገጥነው ስንሄድ ያውደን የነበረ ሜዳ ዛሬ ጦስኝ የለበትም።

ደግሞም እየፈላ አይጠጣ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሞቀ መጠጥ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል አሳውቋል፤ ምንም ዓይነት መጠጥ ቢሆን ልዩነት የለውም። ጥቂት ደቂቃ ማብረድ በቂ ነው።

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ

እኔ የምመልሰው ስለ ነፍሰ ጡሯ እህትሽ ብቻ ነው። ጤና አዳም ዛሬውኑ ይቁም። በቡናና በአይብ ስለለመድነው ጉዳት የሌለው ይመስለናል፤ ነገር ግን ማሕፀንን የማነሣሣት ባሕርይ አለው፣ ከጥንት ጀምሮ በብዙ ሀገሮች ጽንስ ለማስወረድ ሲያገለግል የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከርከዴም ቢሆን በእርግዝና ጊዜ እንዲዘወተር አይመከርም። ማቅለሽለሽ ካስቸገራት ዝንጅብል የተሻለ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ማቅለሽለሽ በሰው ላይ ተሞክሮ መጠነኛ ጥቅሙ የታየ ነው። ጥቂት የተከተፈ ትኩስ ዝንጅብል በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋ ብትጠጣ ይበቃታል።

ከእርግዝና ክትትል የብረት ክኒን ተሰጥቷት ይሆናል፤ ብዙ እናቶች ደግሞ ክኒኑን የሚውጡት ልክ እንደ እናንተ ቤት የሻይ ሰዓት ከእራት በኋላ ነው። የተለመደው ሻይ ብቻ ሳይሆን ብዙ የዕፅዋት ሻዮችም ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ስለዚህ በክኒኑና በሻዩ መካከል ቢያንስ የአንድ ሰዓት፣ ከተቻለም የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑር። ልጁ ሲወለድም «ለሆድ ቁርጠት» ተብሎ የጤና አዳም ወይም የአብሽ ውሃ እንዳይሰጠው ከአሁኑ ተነጋገሩበት፤ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል።

ጠያቂ፦ የእናቷ ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጤና አዳሙ በዚያው ቀን ቆሟል፤ ለእህቴም የራሷ በራድ ተለይቶላታል።

ፋርማሲስቱ ያሉትን ይዤ እናቴን እንደገና ጠየቅኋት። ለረዥም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ የነገረችኝን ልጻፍላችሁ። ክኒኑን በጠዋት ስትውጥ ሽንት ስለሚያጣድፋት እሑድ ቅዳሴ ሳያልቅ ሁለት ሦስት ጊዜ መውጣት ግድ ይሆንባታል፤ በሰው መካከል እየተሽሎከለኩ መውጣቱ በጣም አሳፍሯታል። በጾም ቀን ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ምንም ወደ አፏ ስለማታስገባ ክኒኑን ትዘልለዋለች። ይህን ለሐኪሟ መናገር ነውር መስሏት፣ ሻዩ ሲመጣ ከችግሩ የሚያወጣት መንገድ አድርጋ ተቀበለችው። አራት ዓመት አብሬያት እየኖርኩ ይህን አለማወቄ አሳዝኖኛል።

መልስ፦ ፋርማሲስት ከጤና ጣቢያ

ይህ መፍትሔ ያለው ነገር ነው። አምሎዲፒን ሰዓቱ እስካልተዘበራረቀ ድረስ ማታም ሊወሰድ ይችላል። ሽንት የሚያበዛው ክኒን በጠዋት የሚታዘዘው ሌሊት እንዳያስነሣ ነው፤ ሰዓቱን ማዛወር ወይም በሌላ መድኃኒት መተካት ለሐኪም የተለመደ ሥራ ነው። አሁን ለእኛ የነገሩንን ሳይቀንሱ ለሐኪማቸው ይንገሩ። የሚጠጡትን ቅጠልም በላስቲክ ቋጥራችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ሊያየው ይገባል።

ጠያቂ፦ የእናቷ ልጅ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሐኪሟ አምሎዲፒኑን ወደ ማታ አዛውሮላታል፤ ሌላውን ክኒን ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በጾም ቀን በ9 ሰዓት እንድትወስድ ፈቅዶላታል። የንስሐ አባቷም መድኃኒቷን እንዳትተው አጥብቀው ነግረዋታል። ከርከዴውን በቀን ከአንድ ሲኒ ሳታሳልፍ ያለ ስኳር እንድትጠጣ ስለተስማማን፣ ጉምዛዜው እንዲለዝብላት አንድ ቅንጣት ቀረፋ ትጨምርበታለች። ትናንት ያስለካነው 138 በ86 ሆኗል። እሑድ ዕለትም ቅዳሴውን እስከ መጨረሻው ቆማ አስቀድሳ ተመለሰች።