ጊቤን ወደ ነጭ ዓባይ የሚያፈስ አሮጌ ካርታ፦ ዘመኑን በምን እንወቅ፣ እንዴትስ እናጋራው?

የጅማው መምህር

ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ማታ ማታ የድሮ ካርታዎችን፣ የዕጽዋትና የአእዋፍ ሥዕሎችን ኢንተርኔት ላይ እየፈለግሁ ማየት ልማዴ ሆኗል፤ ደስ ያለኝንም ለተማሪዎቼ በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ የላከልኝ ካርታ ግን ግራ አጋብቶኛል። ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ነው። እናርያ (በጊቤ አካባቢ የነበረው የድሮ መንግሥት)፣ ከፋና ጅማ በግልጽ ተጽፈዋል፤ የጊቤ ወንዝም ከመነሻው ጀምሮ እያንዳንዱ መታጠፊያው ሳይቀር በጥንቃቄ ተስሏል። ይሁን እንጂ ወንዙ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ኦሞ ተብሎ፣ ቱርካና ሐይቅ በመግባት ፈንታ ወደ ምዕራብ ታጥፎ በነጠብጣብ መስመር ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ርእሱና የታተመበት ዓመት የነበሩበት ጥግ ተቆርጦ ስለ ወጣ ማን እንደ ሠራው፣ መቼ እንደ ታተመ አላወቅሁም።

ምስሉን በላክሁ ማግስት አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ታዲያ ግልገል ጊቤ የዓባይ ገባር ነው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር፤ ጥፋቱ ምንጩን ሳላጣራ የላክሁት የእኔ ነው። ስለዚህ የካርታውን ዘመን በምን ማወቅ እንደሚቻል፣ ሠሪው ለምን እንዲህ እንዳሰበ፣ ሙሉውንስ የት መፈለግ እንዳለብኝ የምታውቁ ብትነግሩኝ ታላቅ ውለታ ነው። ማጋራቱን መተው አልፈልግም፤ በአግባቡ ማጋራትን ግን መማር እፈልጋለሁ።

ቀያሹ

ሰላም መምህር። በመሬት ቅየሳ ሥራ ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ፤ የድሮ ካርታም እወዳለሁ፤ ስለዚህ ጥያቄዎ በደስታ ነው ያስነሣኝ።

ጥጉ ቢቆረጥም ካርታው ራሱ ዘመኑን ይናገራል። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ያሉትን የኬንትሮስ ቁጥሮች ይመልከቱ። ጅማ ዛሬ ከግሪኒች በስተ ምሥራቅ 36 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። የፈረንሳይ ካርታ ሠሪዎች ግን በዚያ ዘመን የሚቆጥሩት ከፓሪስ ተነሥተው ነበር፤ ፓሪስ ደግሞ ከግሪኒች 2 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ያህል ወደ ምሥራቅ ስለምትርቅ በእነርሱ አቆጣጠር የጅማ ቦታ 34 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ይሆናል። ቁጥሩ እንዲህ ከሆነ ካርታው ከፓሪስ መነሻ የተሠራ መሆኑን ማወቅ ይችላሉ።

ቀጥሎ የሌለውን ይፈልጉ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው፤ ዛሬ ቱርካና የምንለውን ሐይቅ ቴለኪ የተባለው የሃንጋሪ መኳንንት «ሩዶልፍ» ብሎ የሰየመው በ1888 ነው። ሁለቱም ከሌሉ ካርታው ከእነዚያ ዓመታት በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ያልሁት አታሚዎች ያረጀ ካርታ ሳያርሙ ደጋግመው ያትሙ ስለነበር ነው፤ አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ሦስትና አራት ሆነው ሲስማሙ ግን ማመን ይቻላል።

አሁን ወደ ጊቤ ልምጣ። ይህ ስሕተት ባለቤት አለው። አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ወደ አገራችን መጥቶ እስከ 1848 ድረስ ቆይቷል፤ በ1843 እናርያ ደርሶ ነበር። በጥር 1846 ወንድማማቾቹ ወደ ጊቤ መነሻ ሄደው፣ የነጭ ዓባይን ምንጭ ያገኙ መስሏቸው፣ በዚያ የአገራቸውን ባንዲራ ተከሉ። እኛ ዛሬ በአውቶቡስ የምናልፈውን ወንዝ ማለት ነው! እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ወዲያው ተቃወመው፤ ከፋ ደርሻለሁ ማለቱን እንኳ አልተቀበለውም። የኦሞ ውኃ በቱርካና ሐይቅ እንደሚያበቃ በጉዞ የተረጋገጠው ጣሊያናዊው ቪቶርዮ ቦቴጎ በ1896 እዚያ ሲደርስ ነው።

ዳባዲን ግን አላዋቂ አድርገው ለተማሪዎች እንዳያቀርቡት እለምናለሁ። ከተራራ ወደ ተራራ በመሣሪያ እያነጣጠረ ማዕዘን ሲለካ የኖረ ሰው ነው። የተሳሳተው እግሩ ባልረገጠው፣ ዓይኑም ባላየው የወንዙ ታችኛው ክፍል ላይ ነው። የእርስዎ ካርታ በዚያ ላይ ነጠብጣብ መስመር መጠቀሙን ልብ ይበሉ፤ በሙያችን ነጠብጣብ ማለት «ይመስለኛል፣ አላየሁም» ማለት ነው። ምስሉ ሲተላለፍ፣ ሲታመቅ፣ ሲደበዝዝ ነጠብጣቡ ወደ ሙሉ መስመር ይለወጥና ግምት የነበረው እውነት ይመስላል።

ለፍለጋ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «ጋሊካ» የተባለውን ነፃ ገጽ ይሞክሩ። የዴቪድ ራምዚ የካርታ ስብስብም አለ፤ የድሮውን ካርታ በዛሬው ላይ ደርቦ ማየት የሚያስችል መሣሪያ ስላለው ለክፍልዎ ከሁሉ የሚጠቅመው እርሱ ይመስለኛል። የእናርያን ስም በላቲን ፊደል ሲፈልጉ በአንድ አጻጻፍ ብቻ አይወሰኑ፤ «ኢናርያ»ም «ናርያ»ም እያሉ ይሞክሩ።

የጓሮዋ

መምህር፣ የዕጽዋት ሥዕሎችንም ስላነሡ ጥቂት ልጨምር። «ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ» በሚባለው ገጽ ከ60 ሚሊዮን በላይ የተፈጥሮ ታሪክ ገጾች በነፃ ይነበባሉ። የስኮትላንዳዊውን ተጓዥ የጄምስ ብሩስን የጉዞ መጽሐፍ አምስተኛ ቅጽ ይፈልጉ፤ የታተመው በ1790 ነው። በውስጡ ኮሶ፣ ዋጊኖስና እንሰት በሥዕል አሉ። ለእኛ ለጅማ ሰዎች ደግሞ ልዩ ነገር አለው፤ ብሩስ የእንሰት መገኛው ናርያ እንደሆነ ይነገራል ሲል ጽፏል።

የእንሰቱን ሥዕል በስልኬ አስፍቼ ለአያቴ ባሳየኋት ጊዜ መነጽሯን አድርጋ ብዙ ካየች በኋላ «ቀዩ ነው ነጩ?» አለችኝ። በጓሮዋ ያለውን የእንሰት ዓይነት የምትለየው በቅጠሉ አከርካሪ ቀለም ነው፤ ኅትመቱ ግን በጥቁር ቀለም ብቻ ስለሆነ መልስ አላገኘሁላትም። ከብሩስ ጋር የመጣው የቦሎኛው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ በውኃ ቀለም የሳላቸው ሥዕሎች በዬል የብሪታኒያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ፤ ቀለም የሚፈልግ ወደዚያ ይሂድ። ባሉጋኒ አገሩ ሳይመለስ ጎንደር ላይ ሞተ፤ ብሩስም ሥዕሎቹን የራሱ አድርጎ አቀረበ። ስለዚህ እነዚህን ሥዕሎች ስታጋሩ እባካችሁ የባሉጋኒን ስም አትርሱ፤ ሁለት መቶ ዓመት ተረስቶ መኖሩ ያሳዝነኛል።

አንድ ማሳሰቢያም አለኝ። ዋጊኖስ ብሩስን ከተቅማጥ እንዳዳነው መጽሐፉ ይናገራል፤ የተክሉ የሳይንስ ስምም ከእርሱ የተወሰደ ነው። ተክሉ ግን መርዛማነት ስላለው ሥዕሉን «የድሮ መድኃኒት» ብሎ ብቻ መላክ አደጋ አለው።

መጽሐፍ ቤት

በቴሌግራም ስትልኩ በ«ፎቶ» ሳይሆን በ«ፋይል» ላኩ፤ በፎቶ ሲላክ ምስሉ ይታመቅና ትንንሽ ፊደላት አይነበቡም። የፋይሉን ስም በሠሪው ስም፣ በዓመቱና በተገኘበት ቤተ መጻሕፍት ሰይሙት፤ የጽሑፍ መግለጫው በመንገድ ቢቀር እንኳ የፋይሉ ስም አብሮት ይሄዳል። የቅጂ መብትን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ የብሩስንና የዳባዲን ሥራ ማጋራት ስለዚህ አያሠጋም። ሆኖም እንደ ራምዚ ያሉ ስብስቦች ምስሎቻቸው ለንግድ እንዳይውሉ ገደብ ስለሚያደርጉ ለሽያጭ ከማተም በፊት የገጹን ደንብ ማንበብ ያስፈልጋል።

የጅማው መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቀያሹ እንዳሉት ምስሉን አስፍቼ ጠርዙን አየሁት፤ ከታች 34 እና 35 የሚሉ ቁጥሮች አሉ፤ ጅማ የተጻፈችውም በሁለቱ መካከል ነው። አዲስ አበባ የለችም፤ ሐይቁም የለም። ሙሉውን ቅጂ ገና እየፈለግሁ ነው።

ዛሬ ካርታውን በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ክፍል ወሰድሁት። ያቺ የጠየቀችኝ ተማሪ ነጠብጣቡን በቀይ እስክሪብቶ ተከትላ «እዚህ ድረስ አይቷል፤ ከዚህ በኋላ ገምቷል» ብላ ምልክት አደረገችበት። ለምስሉ ያዘጋጀሁት መግለጫ የሚከተለው ነው፤ ጉድለት ካለው አርሙኝ።

«ፈረንሳይኛ ካርታ፤ ኬንትሮሱ ከፓሪስ ይቆጠራል። ሠሪው ገና አልታወቀም፤ እ.ኤ.አ. ከ1886 በፊት የተሠራ ይመስላል። ጊቤ ከነጭ ዓባይ ጋር መገናኘቱ የዘመኑ ግምት ነው፤ ጊቤ ኦሞ ሆኖ ቱርካና ይገባል።»

የእንሰቱን ሥዕል በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ።

የጓሮዋ

መግለጫው ጥሩ ነው መምህር። የእንሰቱን ሲልኩ «ወርቄ» የሚለውን የአፋን ኦሮሞ ስም ከጎኑ ይጻፉበት፤ ብዙዎቹ ተማሪዎችዎ ቤታቸው የሚጠሩት በዚያ ነው። የአያቴንም ጥያቄ ይጠይቁልኝ።