ግሬተል ትታሰራለች ወይ?

ጠያቂ፦ ባህር ዳር ጣና ዳር ቁጭ ብለን ለእህቴ ልጅ ጫካ የተጣሉትን ወንድምና እህት፣ የሃንሰልና ግሬተልን ተረት ስነግራት ቆሎዋን ጨብጣ ቀረችና "ጠንቋይዋን እሳት ውስጥ ገፍትራ ገድላ አትታሰርም እንዴ?" አለችኝ፣ መልስ አጣሁ። የህግ ሰዎች እስቲ እርዱኝ!

መልስ 1፦ በፍጹም! የ1996ቱ የወንጀል ህግ አንቀጽ 78 ህጋዊ መከላከል ይላል፣ ጠንቋይዋ እኮ የግሬተልን ወንድም በረት ዘግታበት ልትበላው እያደለበችው ነው፣ ግሬተልንም እሳቱን እዪው ብላ ልትከታት ነበር፣ ታዲያ ምን ታድርግ?

መልስ 2፦ ግድያውስ እሺ፣ ሽርጧን ሙሉ ዕንቁ ይዛ መሄዷስ? እኔን የሚከነክነኝ እሱ ነው፣ ሟች ወራሽ ቢኖራትስ?

መልስ 3፦ ኧረ ልጅ ናት! ከ9 ዓመት በታች ከሆነች በአንቀጽ 52 ጭራሽ አትጠየቅም። መከሰስ ያለባቸውማ ጫካ የጣሏቸው ወላጆች ናቸው።