ቨርጂኒያ ውስጥ የተፈጸመ ጋብቻ ሰርቲፋይድ ኮፒ ከየትኛው ፍርድ ቤት ይጠየቃል?

ጠያቂ (ከዴንቨር)፦
ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ በሰሜን ቨርጂኒያ በተክሊል ተጋብተን ወደ ኮሎራዶ ከተዛወርን ዓመታት ተቆጥረዋል። አሁን የባለቤቴን የቤተሰብ ስም ይዤ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴንና መንጃ ፈቃዴን ለማስቀየር ስጠይቅ፣ ካህናት የፈረሙበትና የደብሩ ማኅተም ያረፈበት የጋብቻ ምስክር ወረቀታችን በቂ እንዳልሆነ፣ ከፍርድ ቤት የወጣ ሰርቲፋይድ ኮፒ (በሰጪው መሥሪያ ቤት የተረጋገጠ ቅጂ) ማቅረብ እንዳለብኝ ተነገረኝ። የቤተ ክርስቲያኑ አድራሻ አሌክሳንድሪያ ይላል፤ እኛ በወቅቱ የምንኖረው ፎልስ ቸርች ነበር። ጥያቄዬን ለየትኛው ፍርድ ቤት ላቅርብ? በአካል ሳልሄድስ ማግኘት እችላለሁ?

መልስ (ከፌርፋክስ)፦
እህቴ፣ መዝገቡ የሚገኘው ከሠርጉ በፊት የሚወጣውን የጋብቻ ፈቃድ በሰጠው ሰርኪዩት ኮርት (ካውንቲን ወይም ከተማን የሚያገለግል የግዛቱ ፍርድ ቤት)፣ በክለርኩ ማለትም በመዝገብ ኃላፊው ጽሕፈት ቤት ነው። በቨርጂኒያ ተጋቢዎች ፈቃዱን ከየትኛውም ሰርኪዩት ኮርት አውጥተው በግዛቱ ውስጥ በፈለጉበት ስፍራ መጋባት ስለሚችሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ቦታም ሆነ የያኔው መኖሪያችሁ ብቻውን መልሱን አይሰጥም። አድራሻውም ቢሆን ያሳስታል፤ በፖስታ አድራሻቸው አሌክሳንድሪያ ወይም ፎልስ ቸርች የሚባሉ ብዙ ሰፈሮች ያሉት በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ሲሆን፣ የአሌክሳንድሪያ ከተማ የራሷ ሰርኪዩት ኮርት አላት፤ የፎልስ ቸርች ከተማ ደግሞ የምትገለገለው በአርሊንግተን ካውንቲ ሰርኪዩት ኮርት ነው። ስለዚህ ከሠርጉ በፊት ሁለታችሁ መታወቂያ ይዛችሁ ቀርባችሁ ማመልከቻውን የፈረማችሁት የት እንደነበረ አስታውሱ። ለማስታወስ ካስቸገረ፣ የመላው ግዛቱን የጋብቻ መዝገብ የሚይዘው በሪችመንድ የሚገኘው የወሳኝ ኩነቶች መዝገብ ቤት ስለሆነ፣ ከዚያ የሚሰጠውም ሰርቲፋይድ ኮፒ ያገለግልዎታል።

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ከላይ በተሰጠው መልስ ላይ፣ የእኛን ሰዎች በብዛት የሚያጉላላውን ነገር ልጨምር። ቀኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ላይ የሚገለበጥ ከሆነ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ይታይ፤ ወረቀቱ ጥር 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የሚል ከሆነ ለፍርድ ቤቱ የሚጻፈው ጃንዋሪ 31 ቀን 2016 ነው። ስምም እንዲሁ ነው። መዝገቡ የሚፈለገው በመጨረሻው ስም በመሆኑ፣ ፈቃዱ በወጣበት ጊዜ በፓስፖርታችሁ ላይ የመጨረሻው ስም የአያት ከነበረ፣ በአባት ስም ብቻ ሲፈለግ አልተገኘም ሊባል ይችላል። ሁለታችሁም በዚያን ጊዜ ትጠቀሙበት የነበረውን ሙሉ ስም፣ አሁን የምትጠሩበትን ሳይሆን የያኔውን፣ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ እንደተጻፈው አድርጋችሁ አስፍሩ። ተስፋዬ የሚለው ስም መጨረሻ ላይ የምትቀር አንዲት ፊደል እንኳ ፍለጋውን ታደናቅፋለች።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ፈቃዱን ያወጣነው ከፌርፋክስ መሆኑን አስታውሷል። ቤት ያለውን ወረቀት እዚሁ ኖተሪ ፊት ኮፒ አድርጌ ባስፈርም አይበቃም?

መልስ (ከፌርፋክስ)፦
አይበቃም። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚቀበለው ዋናውን ወይም ሰነዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ራሱ ያረጋገጠውን ቅጂ እንጂ በኖተሪ የተፈረመበትን ኮፒ አይደለም። የሚፈለገው በክለርኩ ወይም በምክትሉ ፊርማና በፍርድ ቤቱ ማኅተም ትክክለኛ ቅጂ መሆኑ የተመሰከረለት ነው። ጥያቄውን በፖስታ መላክ ስለሚቻል፣ የሁለታችሁን ስም፣ የጋብቻውን ቀን፣ ስልክዎንና የሚፈልጉትን የቅጂ ብዛት በደብዳቤ ጽፈው፣ የራስዎ አድራሻ የተጻፈበትና ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ አብረው ያስገቡ፤ ክፍያው ጥቂት ዶላር ቢሆንም የወቅቱን ልክና የአከፋፈሉን መንገድ ከመላክዎ በፊት ደውለው ያረጋግጡ። ከአንድ በላይ ቢያዙ ይሻላል፤ የአሜሪካ ፓስፖርት ካለዎት በእሱ ላይ ስም ለማስቀየርም ሰርቲፋይድ ኮፒ አብሮ ይላካል።

መልስ (ከአትላንታ)፦
አንድ ነገር ሳይዘነጋ፣ በቨርጂኒያ ጋብቻውን የፈጸሙት ካህን ፈቃዱን ሞልተውና ፈርመው በአምስት ቀን ውስጥ ለክለርኩ መመለስ ነበረባቸው። ጽሕፈት ቤቱ ፈቃዱ መውጣቱን አይቶ ተፈጽሞ መመለሱን ካላገኘ፣ ካህኑን ወይም የደብሩን ጽሕፈት ቤት ቶሎ ያነጋግሩ፤ ደብሩ የራሱን የጋብቻ መዝገብ ስለሚይዝ ቀኑንና የአጋቢውን ካህን ስም ከዚያ ማግኘት ይቻላል። ቅጂው ሲደርስዎ መጀመሪያ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ይሂዱ፤ የስም ለውጡ እዚያ ሳይመዘገብ መንጃ ፈቃድ ጋር መሄዱ ያመላልስዎታል።