የሱባሩዬ ቱርቦ አልቆለታል፣ የቱን ልግጠምበት?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። ያለሁት ሜሪላንድ ነው። መኪናዬ የ2011 ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ፣ 2.5 ሊትር ሞተር። ከፋብሪካ የመጣው ቪኤፍ52 ቱርቦ (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው) አልቆለታል፤ የአየር ቱቦውን ፈትቼ ዘንጉን በጣቴ ስነካው ይወዛወዛል፣ ቱቦው ውስጥም ዘይት አለ። ፒስተኖቹን በፎርጅድ (ጠንካራ በሆኑት) ቀይሬያለሁ፣ ኢንጀክተሩና የነዳጅ ፓምፑም ትልቅ ነው። አሁን 20ጂ የሚባለውን ቱርቦ ልግጠም ወይስ ትልቁን ጋሬት 3076? 20ጂው በነበረው ቦታ ይገባል፤ ትልቁ ግን ለብቻው ማሰሪያ፣ አዲስ ቧንቧና ሌላ ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር ማቀዝቀዣ) ይፈልጋል፣ ቡስቱም (የቱርቦው የአየር ግፊት) ዘግይቶ ነው የሚመጣው። በየቀኑ ሥራ የምሄድበት መኪና ስለሆነ ከታች ጀምሮ እንዲጎትትልኝ እፈልጋለሁ። ቱን የሚያደርግልኝ (የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያስተካክልልኝ) ልጅ ደግሞ ትልቁን ካልገጠምክ ብሎ ሙጭጭ አለ። ሁለቱንም የነዳችሁ ካላችሁ፣ ቡስቱ ስንት አርፒኤም (የሞተር ዙር በደቂቃ) ላይ እንደሚሞላ በናታችሁ ንገሩኝ።