የሂተሬ አየር ቀዝቃዛ ነው፤ ቱቦዎቹን አገናኝቶ ማለፍ ይበጃል?

ጠያቂ፣ አራት ኪሎ

ጤና ይስጥልኝ። የማሽከረክረው የ2003 ሞዴል ኮሮላ ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጠዋት ልጆቼን ይዤ ከአራት ኪሎ በፒያሳ አድርጌ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስወርድ፣ የፊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል በእንፋሎት ስለሚሸፈን ከፊቴ ያለውን እግረኛ እንኳ ለመለየት እቸገራለሁ። ፋኑ በሁሉም ፍጥነት በደንብ ይሠራል፤ ነገር ግን መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀዩ ባዞረውም የሚወጣው አየር ለብ ከማለት አያልፍም። የሞተሩ የሙቀት ጌጅም ዳገት ስወጣ በመጠኑ ከፍ ይልና ቁልቁለቱን ስጀምር ተመልሶ ይወርዳል። ያሳየሁት ጋራዥ ሂተሩ ስለተዘጋ ሁለቱን የውሃ ቱቦዎች እርስ በርስ አገናኝተን እንለፈው፣ ለአዲስ አበባ አየር ሂተር አያስፈልግም አለኝ። ይህ ትክክለኛ ምክር ነው? በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የቧንቧ ውሃ ነው።

መካኒክ፣ ሶማሌ ተራ

ወንድሜ፣ ቱቦዎቹን ከማስገናኘትዎ በፊት ጌጁ የነገረዎትን ያዳምጡ። ሂተር የራሱ እሳት የለውም። ሞተሩን ሲያቀዘቅዝ የሞቀው ውሃ፣ ወደ ራዲያተሩ ከሚሄደው በተጨማሪ፣ ከፊሉ በሁለት ቱቦዎች አማካይነት ከዳሽቦርዱ ኋላ ወዳለች ትንሽ ራዲያተር ይገባል፤ ፋኑም በእርሷ ውስጥ አየር እያሳለፈ ሙቀቱን ወደ እናንተ ያመጣዋል። ስለዚህ ሞተሩ ራሱ በሚገባ ካልሞቀ ሂተሩ ሊሞቅ አይችልም። ቁልቁለት ላይ የሚወርድ ጌጅ የሚያመለክተው ተርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ዋናው ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው፣ ሲሞቅ የሚከፍተው ክፍል) ተከፍቶ መቅረቱን፣ ወይም ከዚህ በፊት የሆነ ሰው አውጥቶ መጣሉን ነው፤ ሁለተኛው በከተማችን እጅግ የተለመደ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። መኪናውን በደንብ ነድተው ካሞቁት በኋላ ኮፈኑን ይክፈቱና ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች በጥንቃቄ በእጅዎ ይዳብሱ። ሁለቱም ለብ ያሉ ብቻ ከሆኑ ነገሩ ተርሞስታት ወይም የውሃ ማነስ ነው። አንዱ የሚያቃጥል፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ የሂተሩ ራዲያተር በዝገትና በደለል ተዘግቷል፣ ወይም አየር ይዟል ማለት ነው። ሁለቱም እጅ የማያስይዙ ሆነው አየሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ያለው ከውሃው ሳይሆን ሙቅና ቀዝቃዛ አየርን በምትቀላቅለው፣ በዳሽቦርዱ ውስጥ ባለችው በር ላይ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ፈጽሞ እንዳይከፍቱ፤ የሚፈነዳው የፈላ ውሃ ፊት ያቃጥላል።

ቱቦዎቹን ማገናኘት አስገዳጅ የሚሆነው የሂተሩ ራዲያተር ሲያፈስ ነው። በፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ከረጠበ፣ ጣፋጭ ሽታ ከሸተተዎትና በመስታወቱ ላይ የሚያጣብቅ ቅባት ነገር ካዩ፣ አዲስ እስኪገዙ ድረስ ማገናኘት ይቻላል። እርስዎ የገለጹት ግን ይህ አይደለም።

ነባር የታክሲ ሾፌር፣ መርካቶ

መካኒካችን በአክብሮት ይስሙኝ፤ ተርሞስታት ለብርድ አገር የተሠራ ነው ብለን ለረጅም ዓመታት እያወጣን ሠርተናል፣ መኪኖቻችንም በመርካቶ መጨናነቅ አልፈሉም። ለሂተር ሲባል ሞተር እንዲፈላ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም።

መካኒክ፣ ሶማሌ ተራ

ጋሼ፣ ሐሳብዎ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ተዘግቶ የሚቀር ተርሞስታት ሞተሩን አፍልቶ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክዳን) ያጣምማልና። ሆኖም መድኃኒቱ በአዲስ መተካት እንጂ ማውጣት አይደለም። ሞተር ሳይሞቅ ሲሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። የከተማችን ልዩ ፈተና ከፍታው ነው፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ተርሞስታት ደግሞ እንደ ሞተሩ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ውስጥ መከፈት ይጀምራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ያለው መኪና ተርሞስታት ኖረውም አልኖረው ይፈላል፤ ስንቱ ተርሞስታት በክዳን ጥፋት ተጥሏል!

ከካዛንቺስ

ጠያቂያችን እስኪያሠሩ ድረስ መስታወቱን በተመለከተ፦ አየሩን በውስጥ የሚያሽከረክረውን ቁልፍ አጥፍተው ከውጭ እንዲገባ ያድርጉ፣ ኤሲውንም አብረው ያብሩ። ኤሲ እርጥበትን ከአየሩ ስለሚያስወግድ በዝናብ ጊዜም ያገለግላል። ከጓንት ሳጥኑ ኋላ ያለው የአየር ማጣሪያ በአቧራ ከታፈነ ይቀይሩት።

ጠያቂ፣ አራት ኪሎ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሌላ መካኒክ ዘንድ ሄጄ ስናስከፍተው የተርሞስታቱ ቤት ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ የወጣው ውሃም የሸክላ አፈር የተበጠበጠበት ይመስል ነበር። ሲገጠም ምን ልቆጣጠር?

መካኒክ፣ ሶማሌ ተራ

ተርሞስታቱ ላይ የተቀረጸው ዲግሪ ለሞተርዎ የታዘዘው መሆኑን ይመልከቱ፣ አየር የሚያሳልፈው ትንሹ ቀዳዳ ወደ ላይ ዞሮ ይገጠም፣ ጓርኒሲዮኑም (ውሃ እንዳያፈስ በመጋጠሚያው የሚገባው ማሸጊያ) አዲስ ይሁን። ውሃው እንዲያ ከደፈረሰ ሁለቱን የሂተር ቱቦዎች አስፈትተው፣ ዝቅተኛ ግፊት ባለው ውሃ ከመውጫው ወደ መግቢያው እያስገለበጡ ጥርት እስኪል ያሳጥቡት፤ ኃይለኛ ግፊት በሂተሩ ራዲያተር ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ቱቦዎች ይቀድዳል። ከዚያ በኋላ የቧንቧ ውሃ አይመለስ። ኩላንት (ለሞተር ማቀዝቀዣ የተዘጋጀ ፈሳሽ) እና የተጣራ ውሃ በእኩል መጠን ያስሞሉ፤ በረዶ ባይኖርብንም ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፣ የመፍያ ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል። ሲሞላ የሂተሩ መቆጣጠሪያ በቀዩ ላይ፣ የመኪናው አፍንጫም ከፍ ብሎ ቢቆም አየሩ በቀላሉ ይወጣል። የተረፈውን ኩላንት ልጆች ከማይደርሱበት ያስቀምጡ፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ ነገር ግን መርዝ ነው።